የባለጉዳዮች አግዳሚ

ጋሼ፣ እርስዎ ጅማ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ሲሠሩ፣ የመንግሥት ሥራ ሊያዩ የሚመጡ ተማሪዎችን ወዲያው ቢሮ አያስገቡም ነበር። ከባለጉዳዩ ቡና ገበሬ ጎን፣ አግዳሚው ላይ እስከ ምሳ ሰዓት ያስቀምጧቸዋል። «ወንበር ከመመኘታችሁ በፊት ደጅ መጥናትን ቅመሱት» ይሏቸው ነበር።

በደርግ ጊዜ ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ካድሬ ሆኖ የእርስዎን ቢሮ ያዘ። እርስዎ በታሰሩ ማግስት፣ ባለቤትዎ እትዬና እኔ የእህትዎ ልጅ እዚያው አግዳሚ ላይ ጠበቅነው። ሲወጣ እትዬ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ የት እንዳሉ ብቻ ንገረን» ብለው ለመኑት።

«ይጠብቁ እናቴ፤ እኔም ደጅ መጥናትን እዚሁ ነው የተማርኩት» ብሏቸው አለፈ።

ጎበዝ ተማሪ አፍርተዋል፣ ጋሼ!

መቃብርዎን የሚያሳየን ሰው አላገኘንም። ስለዚህ ሲናፍቁኝ እዚያ አግዳሚ ላይ ሄጄ እቀመጣለሁ። «ጉዳይዎ ምንድን ነው?» ሲሉኝ፣ «ሰው እየጠበቅሁ ነው» እላለሁ።