ቀለም የሌለው ምርጫ

እናቴ ለአውሮፓ ፓርላማ ልትመርጥ እንደሆነ የተናገረችው ሲልቨር ስፕሪንግ በነበረን አፓርታማ፣ እሁድ ምሳ ላይ ነው። አጎቴ የጠቀለለውን እንጀራ አፉ ሳያደርስ ሳቀ።

«የት ሆነሽ?»

«እዚሁ ሆኜ። ኤምባሲ ሄጄ።»

እናቴና እኔ ስዊድናውያን ነን። እሷ በስደት ስቶክሆልም ገብታ ሆቴል እያጸዳች አሳደገችኝ፤ ዜግነቱንም እዚያው አገኘን። ከዚያ ዲቪ ደርሷት ዘመድ ወደበዛበት ወደ ሜሪላንድ መጣን። አጎቴ ታናሽ ወንድሟ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ከእኛ በኋላ ሲሆን እዚያው አቅራቢያ፣ አሌክሳንድሪያ እየኖረ ታክሲ ይነዳል። ከሦስታችን መኪና የነበረው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ እሱ ያላመነበት ቦታ መሄድ አስቸጋሪ ነበር።

«እቴ፣ ሃያ ሰባት አገር የገባበት ፓርላማ አንቺን ነው የሚጠብቀው?»

«ይጠብቀኛ። እኔስ ስንቱን ጠብቄ የለም?»

«የተወለድሽው ኢትዮጵያ፣ የምትኖሪው አሜሪካ፣ የምትመርጪው አውሮፓ! ማንን እንደምትመርጪ እንኳ አታውቂም።»

«ባውቅም ለአንተ አልነግርህም።»

«እኔ አላደርስሽም።»

«ማን ለመነህ?»

ለእሷ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በሕይወቷ የመረጠችው አንዴ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ ቀበሌ ተጠርታ፣ ሊቀመንበሩ ከጀርባዋ ቆሞ እያየ። ስቶክሆልም ምርጫ በመጣ ቁጥር ቤቷን ዘግታ ትቀመጥ ነበር። አሁን የሰው ዓይን ሳያርፍባት አንድ ጊዜ መርጣ ማየት ፈለገች። ለምን ዘንድሮ እንደሆነ ስጠይቃት «ስላረጀሁ» አለችኝ። ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላትም።

የምትሠራው ነርሲንግ ሆም ውስጥ የአዳር ፈረቃ ነበር። በዚያ ሳምንት አንድ ጠዋት ከሥራ ገብታ ሳትተኛ ክት ልብሷን ለበሰች። በሬድ ላይን ባቡር ዱፖንት ሰርክል ድረስ ሄደን እስከ ኤምባሲው የቀረውን በእግር ተያያዝነው። ጫማዋ ተረከዟን እየላጣት መሆኑን አይቼ ታክሲ እንያዝ አልኳት።

«የታክሲ ስም እንዳትጠራብኝ።»

የስዊድን ምርጫ ከአገር ቤቱ ይለያል። እያንዳንዱ ፓርቲ የራሱ ወረቀት አለው፤ ወረቀቶቹም መደርደሪያ ላይ በግልጽ ይቀመጣሉ። መራጩ የሚፈልገውን አንስቶ ከመጋረጃ ጀርባ ፖስታ ውስጥ ይከታል። እናቴ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አየችውና ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ታነሳ ጀመር። አንዱንም አልዘለለችም፤ ስደተኛ የሚጠሉትን፣ ቴሌቪዥን ላይ ሲመጡ የምታጠፋባቸውን ሰዎች ወረቀት ጭምር አነሳች።

አስመራጯ ወጣት ሴት ነበረች። «የሚያስፈልግሽ አንዱ ብቻ ነው» አለቻት በስዊድንኛ።

«አውቃለሁ። የትኛው እንደሆነ ግን አንቺ ማየት የለብሽም።»

ልጅቷ ፈገግ ብላ ፊቷን አዞረች። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ ቆየች፤ የወረቀቱ መንኮሻኮሽ ይሰማኝ ነበር። ስትወጣ የተረፉትን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው፤ ቅርጫት ውስጥ መጣሉንም አላመነችውም። የታሸገውን ፖስታና ፓስፖርቷን ሰጠች። ልጅቷ ስሟ ላይ ምልክት አድርጋ ፖስታውን ተቀበለቻት። አለቀ ስል እናቴ የግራ እጇን አውራ ጣት ወደ ልጅቷ ዘረጋች።

ልጅቷ ጣቱን አየች፣ ቀጥሎ እኔን። «ተጎዳሽ እንዴ?»

«ቀለሙስ?» አለች እናቴ።

አገር ቤት የመረጠ ሰው ደግሞ እንዳይመርጥ ጣቱን ቶሎ የማይለቅ ቀለም እንደሚቀባ ለልጅቷ አስረዳኋት። እሷም እዚህ ቀለም እንደሌለ፣ ስሟ ላይ ምልክት መደረጉ በቂ እንደሆነ ነገረችን።

«ለአንቺ በቂ ነው» አለች እናቴ።

ባቡር ውስጥ እስክሪብቶ ጠየቀችኝ። ጥፍሯን ከነዙሪያው ቆዳ ሰማያዊ እስኪሆን ቀባችው። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ቦርሳቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። እናቴ ቀና ብላም አላየቻቸው። ከዚያ በኋላ ሥራ ላይ እጇን በታጠበች ቁጥር እንደገና ትቀባው ነበር።

እሁድ አጎቴ ምሳ ሊበላ መጣ። «እሺ፣ ፓርላማው ምን አለሽ?» እያለ ገባና ጣቷን አየ።

«ታጠቢው።»

«አልታጠብም።»

«እቴ፣ ባክሽ ታጠቢው።»

እሱ ሲለምን ሰምቼ አላውቅም። ሳይቀመጥ፣ እንደቆመ ነገረን። በዘጠና ሰባት ከሰው ሁሉ ጋር ሌሊት ወጥቶ ተሰልፎ መርጧል። ቀለሙ ጥፍሩ ላይ ገና ሳይጠፋ ሰፈሩ ውስጥ ወጣት መታፈስ ጀመረ። ቀለም ያለበትን ሁሉ ይወስዳሉ ተብሎም ተወራ። ወሬው እውነት ይሁን ውሸት ሳያጣራ ጣቱን በረኪና ውስጥ ነክሮ፣ ቆዳው እስኪላጥ ድረስ በጡብ ፈገፈገው።

«የመረጥኩበትን ጣት» አለ።

እናቴ ሰምታ ስትጨርስ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋች። «አንተ አስለቀቅከው። እኔ ደግሞ ቀባሁት። አሁን ቁጭ በልና ምሳህን ብላ።»

በላ። ስለ ፓርላማውም ሁለተኛ አላሾፈም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሲቲዝን ሆኖ፣ በኅዳሩ የአሜሪካ ምርጫ አሌክሳንድሪያ ድምፁን ሰጥቶ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። የሰጡትን ስቲከር ጃኬቱ ላይ ለጥፎታል። እናቴ ስቲከሩን ከቁብም አልቆጠረችው፤ የምታየው ሰማያዊ የሆነውን የግራ አውራ ጣቱን ነበር።

«ማን ቀባህ?»

«ራሴ። መኪና ውስጥ።»

እጁን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው።

«ጠርዙ ጋ አልደረሰም» አለች። «ደግሞ ለአንድ አገር ነው እንዲህ የምትንጠባረረው? እኔ የመረጥኩት ለሃያ ሰባት ነው።»

እስክሪብቶ አምጣ አለችኝና የቀረውን ሞላችለት።