ፋጡማ ከድዷ ውስጥ ያየችው

ባለፈው ሳምንት የዘይቱን ፍሬ ገምጬ ሳነሣው ጥርሴ ያረፈበት ቦታ ላይ ደም አየሁ። ድዴ ነበር። በማግስቱ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። በትንሽ መስታወቷ አፌን አየት አየት አደረገችና፣ «እማማ፣ ድድዎን የሚጎዳው ጀርሙ ብቻ አይደለም» አለችኝ። «ጀርሙን ሊዋጉ የሚመጡት የገዛ ሰውነትዎ ሴሎች ናቸው። ጀርሙ ካልሄደ እነሱም አይሄዱም፤ ሲቆዩ ደግሞ ድዱንም አጥንቱንም ይጎዱታል።» አፌን እንደ ከፈትኩ ነበርኩ። ልቤ ግን ጥሎኝ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር፣ ፋጡማ ቤት ገብቶ ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ ትምህርቴን ገና የጨረስኩ ልጃገረድ ነበርኩ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ፈረንሳይኛ ተምሬአለሁ፤ በዚያን ጊዜ ድሬዳዋ ፈረንሳይኛ የሚችል ሰው ሥራ አያጣም። ፋጡማ ጎረቤታችን ነበረች፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ባሏ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ስሟ የታወቀው ግን በሠርግ ዘፈን ነበር። ከበሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በኦሮምኛ ትጀምርና በሐረሪኛ ቀጥላ በሶማሊኛ ታሳርገዋለች። እሷ ያልዘፈነችለት ሠርግ እንደ ሠርግ አይቆጠርም ነበር።

በዚያ ዓመት ሠርግ ሲጠሯት አሞኛል ማለት ጀመረች። ከሰው ጋር ስታወራ ሻርፗን ወደ አፏ ትስባለች። ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ በጣም ትወድ ነበር፤ አንድ ቀን እናቴ ብትልክላት ሳትነካው መለሰችው። እናቴ ተቀይማ እኔን ላከችኝ።

«እትዬ፣ ምን አድርገንሽ ነው?» አልኳት።

ተነሥታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ሻርፗን ገለጥ አድርጋ ድዷን አሳየችኝ። አብጦ፣ ቀልቶ፣ በጥርሶቿ ሥር መግል ቋጥሯል። የፊት ጥርሶቿን በጣቷ ስትነካቸው ይነቃነቃሉ።

«ጥርስ ነቃዩ ሁሉም ይውለቁ ብሎኛል» አለች። «የፊት ጥርስ ሳይኖር ምን ዘፈን አለ? ቃሉ ሁሉ እፍ እፍ ብቻ ይሆናል። ሽታውም... አቦ ተይኝ፣ ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚተኛው።» አለቀሰች። የሰው ዓይን በልቶኛል ብላ ታምን ነበር፤ እንዳይደማባትም መፋቂያ ከተወች ወራት አልፈዋል።

ከወንዙ ማዶ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ አርመናዊ የጥርስ ሐኪም እንዳለ አውቅ ነበር። ባሏም ሄዳችሁ ሞክሩ አለ። በማለዳ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ደረቁን የወንዝ አሸዋ በእግራችን ተሻገርን። አሸዋው ጫማችን ውስጥ እየገባ ያስቸግረን ነበር። ከዚራ ስንደርስ የዛፎቹ ጥላ ተቀበለን፤ አስፋልቱ ላይ ውሃ ተረጭቶ ቀዝቃዛ ሽታ ይሸታል። ፋጡማ የሐኪሙ በር ላይ ቆመች። «እንመለስ» አለች። እጇን ያዝኩና ገባን።

ሐኪሙ ሽማግሌ ነው፤ አማርኛው ከሰላምታ አያልፍም፤ ስለዚህ እኔ በፈረንሳይኛ አስተረጎምኩ። አፏን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። እሱም ይነቀሉ አለ። ፋጡማ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። «ሌላ መላ ካለው እንደ ፈለገ ያድርገኝ በይው» አለችኝ። ሽማግሌው አሰበና፣ «ጥርሷ ሥር የተጋገረውን ድንጋይ ልፋቅላት፤ እሷ ግን ቢደማም ባይደማም በየቀኑ ማጽዳት አለባት» አለ። ይህን ስተረጉምላት ተቆጣች።

«እየደማ ፋቂው? ቁስል ይፋቃል እንዴ?»

ሐኪሙ ቁጣዋን ለመረዳት ትርጉም አላስፈለገውም። በቀጭን መሣሪያ ከድዷ ሥር ትንሽ መግል ወሰደ፤ ስስ መስታወት ላይ ቀባው፤ ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ ጠራት። ፋጡማ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች።

«ያ ረቢ! በሕይወት አሉ!»

እኔም አየሁ። ቀጫጭን ዘንጎች፣ እንደ ጠመዝማዛ ክር የሚውተረተሩ ነገሮች ወዲያ ወዲህ ይሯሯጣሉ። በመካከላቸው ትላልቅ፣ ክብ፣ ውስጣቸው ነጠብጣብ የሞላ ነገሮች አሉ። ሐኪሙ የሚሯሯጡት ጀርሞች፣ ክቦቹ ደግሞ ከደሟ የወጡ ነጭ የደም ሴሎች መሆናቸውን ነገረኝ። ነጭ ደም የሚባል ነገር በአማርኛ ሰምቼ ስለማላውቅ ተጨነቅኩ። በመጨረሻ፣ «ትልልቆቹ ያንቺ ናቸው፤ ትንንሾቹን ሊበሉልሽ ነው የመጡት» አልኳት። «መግሉ የሞቱት ናቸው። አንቺ ካላጸዳሽ ትንንሾቹ ይራባሉ፤ ያንቺዎቹም እየመጡ ያልቃሉ።»

ፋጡማ እንደገና ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየች።

«እነዚህ ምስኪኖች ለኔ ብለው ነው የሚሞቱት?» አለች በቀስታ። «እኔ እኮ ስተፋቸው እረግማቸው ነበር።»

ከዚያ ወንበሩ ላይ ወጥታ አፏን ከፈተች።

ደጋግመን ተመላለስን። ሐኪሙ ሲፍቅ እጄን ጨምቃ ትይዛለች፤ ጥፍሮቿ ይሰሙኛል። ቤት ውስጥ ለስላሳ መፋቂያ፣ ከዚያም ለብ ያለ የጨው ውሃ። ድዷ መጀመሪያ ከፊተኛው ይብስ ደማ፤ ባሏ እንኳ ተዪው ብሏት ነበር። እምቢ አለች። እያደር እብጠቱ ጎደለ፣ መግሉ ደረቀ። ከታች አንድ ጥርስ አልዳነም፤ ወለቀ። የቀሩት ግን ጠነከሩ። በቆሎ እሸት በወጣበት ሰሞን ከደጃፏ ተቀምጣ ስትግጥ ባሏ ከሱቁ ሲመለስ አገኛት። አጠገቧ ተቀመጠና ከያዘችው በቆሎ ላይ ፈልፍሎ መብላት ጀመረ። የዚያን ቀን ሳቋ እኛ ቤት ድረስ ተሰማ።

እኔ ሳገባ ዘፋኜ እሷ ነበረች። በወለቀው ጥርሷ በኩል አንዳንዱ ቃል ያፏጭ ነበር፤ ማንም ግን ልብ ያለ አልመሰለኝም።

ፋጡማ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ያኔ ያዳናት የሐኪሙ እጅና የራሷ ብርታት ነው፤ እኔ ቃል ከማቀበል በቀር ያደረግኩት የለም ብዬ ስኖር ነበር። ዛሬ ግን እጇን ስለያዝኩበት ስለዚያ በር አስባለሁ። ሰው በገዛ አካሉ ማፈር ከጀመረ ሐኪም ቤት ደጃፍ ደርሶም ሊመለስ ይችላል።

እኔም ለካ ድዴ መድማት ከጀመረ መክረሙን ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ እርጅና ነው፣ ምን ይወራል ብዬ። ትናንት ማታ ለልጄ ደወልኩና ለሚቀጥለው ቀጠሮ አብረሽኝ ትሄጃለሽ ወይ አልኳት።

«ምነው እማ፣ እስከ ዛሬ ብቻሽን?» አለችኝ። በዚያው ሰዓት ተነሥታ መጣች።