ቋጠሮው

ሰውየው ኮቱን አሳምሮ ለብሷል፤ ጫማው ላይ ግን የመንገዱ ጭቃ ደርቋል። ሻጯ ስለ አዲሱ ፒካፕ ጉልበት ምላሷ እስኪደርቅ ብታወራለትም ጆሮ አልሰጣትም። ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ የኋላውን መጫኛ ለካ። የሲባጎው ቋጠሮ ከመዝጊያው አንድ ክንድ አልፎ ወጣ።

“ምን ሊጭኑበት ነው፣ አባቴ?”

“ባለቤቴን። እስከ ቋጠሮው ቁመቷ ነው። ወገቧ አይታጠፍም፤ በእኛ መንገድ ደግሞ አምቡላንስ አይገባም።”

ሻጯ ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ረዘም ያለው ከሦስት ወር በኋላ ነው የሚመጣው።”

“ሦስት ወር የላትም።”

ሲባጎውን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታና አንድ ክንድ አሳጥሮ አሰረው። እንደገና ለካ።

“ይኸው፣ ልኳ ነው” አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።