ወንዝ ዳር ተራ ስጠብቅ

ባለፈው ቅዳሜ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ፣ ከፒዮሪያ ስትሪት ገባ ብሎ ያለ መስቀለኛ መንገድ ላይ ስቶፕ አደረግኩ። ቀድሜ የደረስኩት እኔ ስለሆንኩ የማለፉ ተራ የእኔ ነው። በቀኜ ግን አንድ ሽበታም ሰውዬ መኪናቸውን አቁመው ስላየሁ በእጄ "ይለፉ" አልኳቸው። እሳቸውም በእጃቸው "አንተ እለፍ" አሉኝ። እኔም ደገምኩ፣ እሳቸውም ደገሙ። ከኋላ የተቀመጠችው ልጄ "ባባ፣ ኢትስ ዩር ተርን!" ብላ ተራው የእኔ መሆኑን ስትነግረኝ የወንዙ ነገር ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነው። ባሕር በሌለበት ከተማ የሰርፊንግ፣ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ማዕበል የመጋለብ፣ ፍቅር ይዞኝ ነበር። ዴንቨር ባሕር ባይኖራትም ወንዝ አላት። ሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ አንድ ቦታ ከስር ድንጋይ ተደልድሎ፣ ውሃው እዚያው ቆሞ የሚቀር ማዕበል ይሠራል። ማዕበሉ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ በወዲህና በወዲያ ዳር ሰልፍ አለ፤ አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ እየተባለ ይገባል። የወደቀውን ውሃው ወደ ታች ይወስደዋል፤ ወጥቶ ከሰልፉ ጭራ ይቆማል። ሰመር ላይ፣ በተለይ እሁድ፣ ሰዉ አይጣል ነው።

ታክሲ ነጂ የነበረው አባቴ ነገሩን ጨርሶ አልወደደውም። "ከወንዝ ጋር ምን ጨዋታ አለ?" ይል ነበር። እናት ሆኖም አባት ሆኖም ያሳደገኝ እሱ ነውና፣ አንድ ጊዜ እንኳ ውሃው ላይ ቆሜ እንዲያየኝ ፈለግኩ። ስለምነው ከርሜ በመጨረሻ "እሺ፣ አንድ ቀን ብቻ" አለኝ። ያ ቀን የተራራው በረዶ ቀልጦ አልቆ ውሃው መጉደል የጀመረበት እሁድ ሆነ። በሳምንቱ ማዕበሉ አይኖርም። ለከርሞ ደግሞ አባቴ እሺ እንደማይለኝ አውቃለሁ።

ከቅዳሴ በቀጥታ ሄድን። አባቴ ነጠላውን እንደለበሰ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ከቤተክርስቲያን የያዘው ዳቦ በፌስታል ጭኑ ላይ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ውሃው ደግሞ አጥንት ይሰብራል። ሰርፍቦርዴን ታቅፌ ተሰለፍኩ።

ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ የቆሙት ጺማቸው የነጣ ሰውዬ ናቸው። ሌላ ቀን ቢሆን ዝም ብዬ እገባ ነበር። አባቴ እያየኝ ግን ሽማግሌ ከኋላ አቁሜ እንዴት ልቅደም? በእንግሊዝኛ "እባክዎ ይቅደሙ" አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ገቡ። ቀጥላ የመጣችው በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ እሷንም አሳለፍኩ። አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ ወጣቱንስ በምን አፌ ልከልክለው? እንዲህ እንዲህ ሳደርግ ሽማግሌው ወድቀው፣ ወጥተው፣ ዞረው እንደገና ከኋላዬ ደረሱ።

"ፈራህ እንዴ?" አሉኝ።

"አይ፣ ይቅደሙ ብዬ ነው።"

ይኼኔ አባቴ ከተቀመጠበት ጠራኝ። "አንተ ልጅ፣ የመጣሁት እኚህን ሰውዬ ለማየት ነው?"

"አባዬ፣ ታላቅ ናቸው ብዬ እኮ ነው።"

"ታላቅነቱን መቼ አጣሁት! አሁን ግን ተራው ያንተ ነው። ግባ!"

ገባሁ። ሰርፍቦርዱ ላይ ቆምኩ። ውሃው ከስሬ ይሮጣል፣ እኔ ባለሁበት ነኝ። ቀና ስል አባቴ ብድግ ብሏል፤ ነጠላው ከትከሻው ወርዶ ጫፉ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ እሱ ግን ልብ አላለውም። እሱን አያለሁ ስል ወደቅኩ። ስወጣ ዳቦውን ቆርሶ ሰጠኝ። ለሽማግሌው የሰጣቸው ግን ከእኔ ይበልጥ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ኮልፋክስ የሚባለው ጎዳና ላይ ደረስን።

"ቅደም ማለቱን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ" አለ አባቴ። "እኔም እዚህ አገር ስንቱን ቅደም እያልኩ አሳልፌአለሁ። አንዱ እንኳ ዞር ብሎ 'አንተስ?' አላለኝም።"

አንጀቴን በላው።

ያን ቅዳሜ መስቀለኛው መንገድ ላይ ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩንባ ሲነፋ ለሰውዬው እጅ ነስቼ አለፍኩ። ልጄም "ፋይናሊ! በስንት ጊዜው!" ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። አባቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። አጠገቤ ቢሆን መጀመሪያ "ሽማግሌ ናቸው፣ አሳልፋቸው እንጂ" ይለኝ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ምን ትጠብቃለህ፣ ሂድ!" ሁለቱንም የሚለኝ ሰው ናፈቀኝ።