ዘፈን የሌለበት ስብሰባ

ባሌ ከማለዲን ቤት ውስጥ ጮኾ አያውቅም። ይህን ስናገር የሚያምነኝ የለም፤ ምክንያቱም ቃሊቲ ላይ ከሱ ድምፅ በላይ የተሰማ ድምፅ የለም። አሮጌ ፒካፑ ጣራ ላይ ሁለት ድምፅ ማጉያ አስሮ ከባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ እስከ ወንዙ ሲዞር ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ውኃ የሚጠፋበትን ቀን፣ የእድር ስብሰባውን፣ የጠፋውን ልጅ፣ የክትባቱን ዘመቻ ሁሉ ከሱ አፍ ነው የሰማነው። እቤት ሲገባ ግን ጨው ለመጠየቅ እንኳ ያንሾካሽካል። ድምፁን ለሰፈሩ አድሎ ለኔ ትራፊውን ነው የሚያመጣልኝ እያልኩ አበሽቀዋለሁ።

አንድ ደንብ አለው። በዓይኑ ያላየውን አይናገርም። ሥራውን በጀመረ ሰሞን ክትባት አለ ብለውት አዞረ፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሙ፤ ከታቢዎቹ ሳይመጡ ቀሩ። አንዷ እናት መኪናው ድረስ መጥታ «ያንተን ድምፅ አምኜ እኮ ነው ከሥራ የቀረሁት» አለችው። ከዚያ ወዲህ የክትባቱን ሣጥን በእጁ ሳይነካ ማይክ አይከፍትም። የእድር ስብሰባ ከሆነ አዳራሹ መከፈቱን ሄዶ ያያል። ውኃ ይጠፋል ከተባለ ቁፋሮው አፋፍ ላይ ቆሞ ሠራተኞቹን ያነጋግራል። በማይክ «ወላሂ» ብሎ አያውቅም፤ ቢል ኖሮ ሰው መጠርጠር ይጀምር ነበር።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው ዘካሪያስ ሊያሠራ የመጣው። ዘካሪያስ የዘፋኙ የጌዲዮን የምርጫ ቅስቀሳ አስተባባሪ ነው። ጌዲዮን የእኛው ሰፈር ልጅ ነው፤ ወንዝ ዳር ባለው ሜዳ ኳስ ሲራገጥ አድጎ፣ ዛሬ የሱ ዘፈን ካልተከፈተ ሠርጉ ሠርግ የማይመስልበት ደረጃ ደርሷል። አሁን ለፓርላማ በግል ሊወዳደር ተነስቷል።

እኔ ከሚወዱት ወገን ነኝ፣ አልደብቅም። ሱቄ ውስጥ ክርና ዚፕ እየሸጥኩ ቀኑን ሙሉ የምሰማው እሱን ነው። ጎረቤታችን እትዬ አሰለፈችም ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሱቄ በር ላይ ይቀመጣሉ፤ ወሬው ሲነሳ «ዶክተሩንም ኢንጂነሩንም መርጠን አይተናል፤ ዘፋኝ ቢሞከር ምን ይጎድላል?» አሉ። ተስፋ ቆርጠው አይደለም። እሳቸው ተስፋ የሚቆርጡ ሴት አይደሉም። ከሰፈራችን ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያሻግረውን የእግረኛ ድልድይ ጎርፍ ከወሰደው ስምንት ክረምት አለፈ፤ ዛሬም ሰው የሚሻገረው በተጋደመ የእንጨት ምሰሶ ላይ ነው። እትዬ አሰለፈች ስለዚህ ድልድይ ያስገቡትን ማመልከቻ ሁሉ ኮፒ አድርገው በፕላስቲክ ፎልደር ይዘው ይዞራሉ።

ከማለዲን በቀስታ «ምኑ ነው የሚሞከረው? ሰውዬው ጫማ ነው እንዴ?» አላቸው። «ዘፋኝ መሆኑን አልጠላሁበትም። ምን እንደሚያውቅ ግን ዘፈኑ አይነግረኝም።»

«ዘፈኑ ስለ ሰፈራችን አይደለም?» አልኩት።

«ሰፈር መናፈቅና ሰፈር መምራት አንድ ነው ሀኪማ?»

ተናደድኩ። የራሴን ወንድም የነካብኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

ዘካሪያስ የጠየቀው ነገር ግን ጥሩ ነገር ነበር። «እሁድ በአራት ሰዓት ጌዲዮን ሜዳው ላይ ስለ ድልድዩ ከነዋሪው ጋር ይወያያል፤ ይህንን ይንገሩልን» አለ።

«ጥያቄ ይቀበላል?» አለው ከማለዲን።

«እንዴታ ጋሼ፣ ለዚህ አይደል የሚመጣው?»

ከማለዲን እንደ ደንቡ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ድረስ ሄደ። መድረኩ ቆሟል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ማይኩ ተተክሏል። አየና ተመልሶ መኪናውን አስነሳ። የሳተው እዚህ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሣጥንና ቁፋሮ ሲያጣራ የኖረ ሰው፣ መድረኩን አይቶ ሰውየውን ያየ መሰለው። «እሁድ በአራት ሰዓት ዕጩው ጌዲዮን ስለ ድልድዩ ሊያወያየን ይመጣል። ጥያቄ ያላችሁ ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ኑ» እያለ እስከ ማታ ዞረ።

ሰፈሩ ተነቅሎ ወጣ። ከቅዳሴ የተመለሱት ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ መጡ። ጥያቄያቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው የመጡ ሽማግሌዎች አየሁ። እትዬ አሰለፈች ፎልደራቸውን ታቅፈው ከፊት ተቀመጡ። አራት ሰዓት አለፈ፣ አምስት አለፈ፣ ስድስት አለፈ። ጌዲዮን ሰባት ሰዓት ላይ ደረሰ፤ ሙዚቃው ቀድሞት ተከፈተ። አራት ዘፈን ዘፈነ። «ትወዱኛላችሁ?» አለ፤ ወጣቱ ሜዳውን አናወጠው። ድልድይ የምትል ቃል ከአፉ ሳትወጣ መኪናው ውስጥ ገባ። ገና መድረኩ ላይ ሳለ እትዬ አሰለፈች ደረጃውን ይዘው ሲወጡ አንድ ጠባቂ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ጎን አቆማቸው። ያን ጊዜ እኔ ምን እሠራ ነበር? አጨበጭብ ነበር። ዛሬም ድረስ ያሳፍረኛል።

እትዬ አሰለፈች ሲመለሱ ከማለዲንን መኪናው አጠገብ አገኙት። አልተቆጡም። «የወጣሁት አንተ ስለጠራኸኝ ነበር» አሉትና አልፈው ሄዱ።

ማክሰኞ ውኃ ለሦስት ቀን እንደሚቋረጥ አጣርቶ ለመናገር ዞረ። ቁፋሮውን በዓይኑ አይቶ ነው የመጣው። ሱቄ በር ላይ የቆሙ ጎረምሶች «ደግሞ ዛሬ ማን ሊዘፍን ነው?» ብለው ሳቁ። ጀሪካን ይዞ የወጣ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ረቡዕ ቧንቧው ደረቀ፤ ሰው ጀሪካን ተሸክሞ እስከ ሳሪስ ውኃ ፍለጋ ሄደ። ከማለዲን ያን ቀን ምሳውን አልነካም። ምን እንደሚያስብ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ነገ እሳት ቢነሳ፣ ነገ ጎርፍ ቢመጣ፣ ሲጠራን ማን ይወጣለታል?

«እዞራለሁ» አለ በመጨረሻ። «በዚያው መንገድ፣ በዚያው ማይክ።»

«ምን ልትል?»

«የሆነውን።»

ሐሙስ ጠዋት ድምፁ በሱቄ በር አለፈ። «ከማለዲን ነኝ። እሁድ ውይይት አለ ብዬ የጠራኋችሁ እኔ ነኝ። ውይይት አልነበረም። ሰውየውን ሳላነጋግር ተናገርኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።» አንዳንዱ ቆሞ ሰማ፣ አንዳንዱ ሳቀ። እሱ የሰማም የሳቀም ሳይለይ አንዷንም መንደር ሳያስቀር አዳረሰ።

ከሰዓት በኋላ ዘካሪያስ ፊቱ ቀልቶ ሱቁ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ ተቃዋሚ ቀጥሮዎታል እንዴ? ዘፋኝ አይወዳደር ነው የሚሉት?»

«እንዲያ አላልኩም» አለ ከማለዲን። «ዘፋኙ ይወዳደር። ዘፈኑ ግን ዕጩ አይደለም፤ እሱን ከመሀል አውጣልኝ። ያለ ሙዚቃ ይምጣ፣ ሰው የጠየቀውን ይመልስ። እኔ በነፃ አዞርለታለሁ።»

ዘካሪያስ «ጌዲዮን ለዚህ ጊዜ የለውም» ብሎ ሄደ። በማግስቱ ግን ጌዲዮን ራሱ መጣ፤ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ፣ ብቻውን። በእጄ የያዝኩት የክር ጥቅልል አመለጠኝ። ከማለዲን ወንበር ሰጠው። ልጁ ሲቀመጥ መድረክ ላይ ካየሁት ያነሰ መሰለኝ።

«ጋሽ ከማለዲን፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ። «ሰው የሚያውቀኝ በዘፈን ነው። ካልዘፈንኩ ማን ይመጣል?»

«አላውቅም። እኔም ብጠራ ማን እንደሚመጣ አላውቅም» አለው ባሌ። «አንተ ግን ይህንን ሳታውቅ ፓርላማ ልትገባ አይገባም። መጥተው ቢሰሙህ መልካም። ባይመጡ ደግሞ የመረጡት ሌላውን ጌዲዮን፣ የሚዘፍነውን፣ እንደነበር ታውቃለህ።»

ልጁ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ «ይጥሩልኝ» አለ።

ከማለዲን ወዲያው አልጠራለትም። መጀመሪያ ወንዙ ጋ ወስዶት ምሰሶው ላይ አሻገረው። ከዚያ ሱቁ ውስጥ አስቀምጦ «እሁድ በአራት ሰዓት ምን ልታደርግ ነው?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ሲያገኝ ነው የመኪናውን ቁልፍ ያነሳው። «እሁድ ጌዲዮን ሜዳው ላይ ይቀመጣል። መድረክ የለም፣ ዘፈን የለም። ጥያቄ ያለው ይምጣ።» ለዘፋኝ እንዲህ ያለ ቅስቀሳ ተሠርቶ አያውቅም።

እሁድ አራት ሰዓት ሜዳው ላይ አምስት ሰዎች ነበርን፤ እትዬ አሰለፈች አንዷ ናቸው። ጌዲዮን በሰዓቱ መጥቶ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከማለዲን መኪናውን ተደግፎ መንገዱን ያያል። አምስት ሰዓት ሲቃረብ አንድ ሁለት እያሉ መጡ። ሲበዛ ስልሳ ብንሆን ነው። ያለፈው እሁድ የነበረውን ሕዝብ አንድ ጥግ እንኳ አንሞላም።

እትዬ አሰለፈች ተነሱ። «ልጄ፣ ድልድዩ የማን ሥራ ነው? የክፍለ ከተማው ነው የከተማው? ፓርላማ ብትገባ የትኛውን በር ነው የምታንኳኳልኝ?»

ጌዲዮን ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ጥያቄውን ጻፈ። «አላውቅም» አለ።

ሌላ ሰው ስለ ጎርፍ መከላከያው ጠየቀው። «አላውቅም።» ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቁት፤ ጥቂት አወቀ፣ ብዙ አላወቀም። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «በቃ ዝፈንልን» አለ፤ ጥቂቶች አጨበጨቡ። ወንበሩ ላይ ሲቁነጠነጥ አየሁት። አንዲት ስንኝ ብትወጣው ሁላችንም እንወደው ነበር፤ እኔም ጭምር። አገጩን በእጁ ይዞ ተቀመጠ። «ዛሬ አልዘፍንም» አለ። «የጠየቃችሁኝን ጽፌዋለሁ። በአሥራ አምስት ቀን መልሱን ይዤ እመጣለሁ።»

ሰው ሳያጨበጭብ ተበተነ። እኔም ወደ ሱቄ ሄድኩ። ጌዲዮን ከማለዲንን «ያልመጡትም እንዲያውቁት ይንገሩልኝ» ሲለው ከኋላዬ ሰማሁ። ባሌም «እኔ ያላየሁትን መልስ አልናገርልህም። ማይኩ ይኸው፣ በራስህ አፍ ንገራቸው» አለው።

ሱቄን ከፍቼ ሳልጨርስ ፒካፑ በመንገዱ ጫፍ ብቅ አለ። በባሌ ድምፅ ማጉያ የሌላ ሰው ድምፅ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። የሚንቀጠቀጥ፣ የተራ ሰው ድምፅ ነበር። «ጌዲዮን ነኝ። የጠየቃችሁኝን አላወቅኩትም። በአሥራ አምስት ቀን መልስ ይዤ እመጣለሁ።» በሮች ተከፈቱ። ያለፈው እሁድ የጨፈሩትም፣ ማክሰኞ የሳቁትም ብቅ ብለው አዩ። ልጁ ተናግሮ ሲጨርስ ማይኩን መዝጋት ረሳ፤ አጠገቡ መሪውን የያዘው ባሌም መከፈቱን አላወቀም።

«ካልመጣህ» አለው፣ እቤት በሚናገርበት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይህንኑ መንገድ እዞርና አለመምጣትህን እናገራለሁ።»

መንደሩ በሙሉ ሰማው። የጌዲዮንም ድምፅ ተከተለ።

«ይናገሩ» አለ።