የአርባ ሰከንድ ቁርስ

ቡችላው አንድ ሳህን ምግብ በአርባ ሰከንድ ይጨርስ ነበር። ግምት አይደለም፤ ባለቤቱ በእጅ ሰዓቷ ይዛ የነገረችኝ ነው። የነገረችኝም እንደ ደስ የሚል ወሬ ነው። «ጎበዝ ነው፣ አያንዛዛም» አለችኝ፣ በምሳ ሰዓት፣ ቆማ እየጎረሰች።

«እትዬ ቁልፍ» ነው የምንላት። በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች፤ አፏም ብዙ አይከፈትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እኔ ከእሷ ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ ትርፍ ክር እቆርጣለሁ። ሸሚዙ ከእሷ እጅ ወደ እኔ እጅ ነው የሚመጣው፤ ከዘመዶቿ ይልቅ እኔ አውቃታለሁ ብል አላጋነንኩም።

የፋብሪካውን ምሳ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባችሁም። ምሳ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ደወል ሲደወል ሁለት መቶ ሰው ለስድስት ቧንቧ ይሰለፋል። ታጥበህ፣ ሳህን ይዘህ ስትዞር ስድስት ደቂቃ ይቀርሃል። ወንበሩ ሠላሳ ነው፤ ስለዚህ ቆመን እንበላለን። ሁለተኛው ደወል ሲቃረብ ሳህን አንሺዎቹ ጋሪያቸውን እየገፉ ይመጣሉ። ውስጡ ምን እንደቀረ አያዩም። ቀና ካልክ፣ ለጎረቤትህ አንድ ቃል ከመለስክ፣ ሳህንህ ሄዷል። አዲስ ገቢ መጀመሪያ ይሳደባል፣ ያለቅሳል። በሁለተኛው ወር ይለምደዋል። እኛ ይህን «ቅልጥፍና» እንለዋለን። ሰው በገዛ ውርደቱ ላይ ጥሩ ስም ሲለጥፍ እንደማየት የሚያናድደኝ ነገር የለም። እኔም ለጥፌያለሁ።

የእትዬ ቁልፍ ባል የሞተው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ሦስት ቀን ፈቃድ ወሰደች፤ በአራተኛው ቀን ወንበሯ ላይ ነበረች። የዚያን ቀን ከእጇ የመጡትን ሸሚዞች ሆን ብዬ አንድ በአንድ አየኋቸው። የተጣመመ ቁልፍ የለም። «እንዴት ነሽ?» ስላት «ደህና» አለች። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቤቷ ትገባለች፣ ትተኛለች፣ ትነሣለች፣ ትመጣለች። በቃ።

ቡችላውን ያመጣላት ታናሽ ወንድሟ ነው። ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ከሚጠግንበት ቤት ጓሮ አንዲት ውሻ ወልዳ ነበር። በኮቱ ሸፍኖ ይዞት መጣ።

«እታለም፣ ጠባቂ አምጥቼልሻለሁ።»

«ምን የሚሰረቅ አለኝ?»

«እንግዲያው የሚሰረቅ ነገር ይኑርሽ። እሱን ይስረቁት።»

«ይበላል?»

«የለም፣ ጋዜጣ ያነባል! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

አልሳቀችም። ግን ቡችላውን አልመለሰችውም።

አመጋገቡን ያወጣችው እሷ ናት። የፋብሪካው ሰርቪስ በሯ ላይ የሚያልፈው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ከዚያ አምስት ደቂቃ ቀደም ብላ ሳህኑን ታስቀምጣለች፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች አጠገቡ ትቆማለች። ቡችላው ሊያኝክ ወይም የበር ድምፅ ሰምቶ ቀና ካለ ሳህኑን ታነሣለች፣ ታጥባለች፣ መስኮቱ ላይ ትደፋዋለች። የመጀመሪያውን ሳምንት ግማሹን እየበላ ቀረ። በሁለተኛው ሳምንት ገባው። ከዚያ በኋላ ማኘክ የሚባል ነገር ተወ። አፉን ሳህኑ ውስጥ ይደፋል፣ ጎኑ እየዘለለ ይውጣል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ያስመልሰዋል። ያስመለሰውንም መልሶ ይውጠዋል፣ በዚያው ፍጥነት።

እሁድ ዕለት ወንድሟ የበሯን ማጠፊያ ሊጠግን መጣ። እሷ ለቡችላው ሩዝና የሥጋ ቁርጥራጭ አቀረበች። ወንድምየው መዶሻውን እንደያዘ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ድምፅ ሲጠፋበት ዞረ። ቡችላው በጎኑ ወድቆ እግሩ ይራገጣል፣ ድዱ ጠቁሯል። እህቱ ከአጠገቡ ቆማለች።

«እታለም! ምን ቆመሽ ታያለሽ?»

«ሳህኑን ላንሣው?» አለች።

ይህን የነገረኝ ወንድምየው ነው፤ ሲነግረኝ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ቡችላውን በኋላ እግሮቹ አንሥቶ ትከሻና ትከሻው መሀል በመዳፉ መታው። በሦስተኛው ምት አንድ ያልታኘከ ሥጋ ወለሉ ላይ ወደቀ። ቡችላው ተነፈሰ። ከዚያ ያንኑ ሥጋ ሊውጥ ዘሎ ተነሣ።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰዱት። ሐኪሟ ወጣት ናት። ጉሮሮውን አየች፣ ሆዱን ዳሰሰች።

«እናቴ፣ ሲበላ አጠገቡ ማን አለ?»

«እኔ።»

«ቁጭ ብለው?»

«ቆሜ።»

«ቀና ሲል ምን ያደርጋሉ?»

«ሳህኑን አነሣለሁ።»

«ሳይጨርስ?»

«ቀና ካለ ጨርሷላ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አልጨረሰም እኮ፣ እናቴ። ያኝክ ነበር።»

ወንድምየው በሩን ያይ ጀመር። ሐኪሟ ግን ደግ ነበረች፤ ቀስ ብላ አስረዳች። ይህ ቡችላ የሚጣደፈው ሳህኑን እንዳይነጥቁት ፈርቶ ነው። ምግቡ ሰፊ ትሪ ላይ ይበተንለት። ወይም ሳህኑ መሀል ከአፉ የሚበልጥ ለስላሳ ድንጋይ ይቀመጥና ዙሪያውን እየለቀመ ይብላ። ጥቂት ጥቂት ይሰጠው። ከሁሉ በላይ ግን የሰው እጅ ወደ ሳህኑ ሲመጣ ሊወስድ ሳይሆን ሊጨምር መምጣቱን ይወቅ። «አጠገቡ ቁጭ ይበሉ። አይንኩት፣ አይቸኩሉ። ዳግመኛ ሲታነቅ ወንድምዎ ባይኖሩ ይሞታል።»

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«የፈለገውን ያህል።»

«እሱማ መልስ አይደለም» አለች እትዬ ቁልፍ። የፈለገውን ያህል የሚባል ነገር በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም።

ማክሰኞ ድንጋዩን ሞከረች። በአፍንጫው ገፍቶ አወጣውና የለመደውን አደረገ። ረቡዕ ትሪው ላይ በተነችለት። ወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ሲበላ አንድ ደቂቃ ተኩል ፈጀበት። እሱም አንድ ነገር ነው፤ ግን ዓይኑ ከምግቡ ይልቅ እግሯ ላይ ነበር፣ ያ የቆመ እግር፣ ያ ቦርሳ። ሐሙስ ዕለት ቦርሳውን ምስማር ላይ ሰቀለችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ተንቋቋ። አንድ ጭብጥ ሩዝ በእጇ ይዛ ወደ ትሪው ስትዘረጋ ቡችላው አጉረመረመ፣ ጥርሱን አሳያት። እጇን አልሰበሰበችም። ደፋር ሆና እንዳይመስላችሁ፤ መፍራትም እኮ አንድ ነገር መሰማት ነው። ሩዙን አስቀመጠች። ቡችላው እጇን አሸተተ፣ ሩዙን በላ፣ እጇን ጠበቀ። እንደገና ጨመረች። ሰርቪሱ ደጅ ላይ ጥሩምባውን ነፋ፣ ደገመው፣ ሄደ።

በእግሯ መጣች። ሠላሳ አምስት ደቂቃ አረፈደች። ተቆጣጣሪያችን ልጇ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ ነው፤ ሁላችንንም «አንቺ» ይለናል።

«አንቺ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«አርፍጃለሁ።»

«ማርፈድሽንማ አየሁ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ቡችላዬ እየበላ ነበር።»

መስመሩ በሙሉ ሳቀ። አንዷ ከኋላ «ማንኪያ ጠፍቶበት ነው!» አለች። ሌላዋ «ሹካ ስጡት!» አለች። ጎረምሳው የማስጠንቀቂያ ወረቀት አውጥቶ አስፈረማት። ሳታነበው ፈረመች።

«ስንት ጊዜ ነው የሚፈቀደው?» አለችው።

«ምኑ?»

«ማርፈድ።»

«የሚፈቀድ የለም! በሦስተኛው ትባረሪያለሽ።»

«እንግዲያው አንድ ይቀረኛል» ብላ መርፌዋን አስገባች።

ያንን አንዱን ዓርብ ጨረሰችው። ሰኞ ዕለት ሊያባርሯት ነው ብዬ ስጠብቅ ስሟን ለካርቶን ክፍል ማስመዝገቧን ሰማሁ። ካርቶን ክፍል ከእኛ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚገባው። ትናንት የተቀጠሩት የሚጀምሩበት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ታጥፋለህ፣ ጣትህ በወረቀት ይቆራረጣል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁልፍ የተከለ እጅ!

«አብደሻል?» አልኳት። «ለውሻ ብለሽ ከወንበርሽ ትነሻለሽ?» እኔ ነኝ ይህን ያልኳት። አልክድም። ለተቆጣጣሪው ልጮህ የሚገባኝን በእሷ ላይ ጮህኩት፤ ምክንያቱም እሷ ላይ መጮህ ቀላል ነው።

«አለበለዚያ ይታነቃል» አለች። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። መቀሷን ለተተኪዋ ሰጥታ ሄደች።

ንዴቴን ልናገር፣ ከዚያ እጨርሳለሁ። አንዲት ሴት አንድ ቡችላ ቀስ ብሎ እንዲበላ ብላ ከማዕረጓ መውረድ ነበረባት። እኛ ሁለት መቶ ሰዎች ግን አንድ ጊዜ እንኳ ተባብረን «ስንበላ ሳህናችንን አትንኩ» ብለን አናውቅም። ዛሬም አላልንም። ዛሬም ጋሪው መጥቶ የእኔን ወሰደ፤ ውስጡ ግማሽ ዳቦ ነበረ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የሄድኩት፤ ሳልጠይቅ ወለሉ ላይ አስቀመጠችኝ። ጣቶቿ በፕላስተር ተጠቅልለዋል። ቡችላው አድጓል። ሳህኑን አስቀመጠችለት። በዝግታ በላ ማለት አልችልም፤ ግን አኘከ፣ ሲያኝክ ይሰማል። መሀል ላይ ቆመና ቀና አለ።

የእሷ እጅ ተነሣ። አየሁት። እስከ ግማሽ መንገድ ሄደ፣ ከዚያ ተመልሶ ጭኗ ላይ ተቀመጠ።

«ይጨርሰዋል» አለች።

«ባይጨርሰውስ?»

«ይተወዋል።»

ቡችላው ጥቂት አየን፣ አዛጋ፣ አገጩን መዳፉ ላይ አድርጎ ተኛ። ሳህኑ ውስጥ አንድ ጭብጥ የሚሆን ሩዝ ቀርቷል። ዝንብ መጣችበት። እትዬ ቁልፍ በፕላስተሩ እጇ አባረረቻትና እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።