ጉም ሲወርድ ጉልበት የሚከዳው መኪና

ቱርቦ ሰርቀሃል ተባልኩ። አልሰረቅኩም። ባለመኪናው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ አስገዘተብኝ፤ እኔም መካነ ሰላም ከተማ ላይ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ሌባ ሆኜ ኖርኩ።

ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ በማታው የጎልማሶች ትምህርት፣ ጉልበቴ በማይገባበት የልጆች ዴስክ ላይ ተቀምጬ ነው። የሚጎድል ነገር ካለ ይጉደል። ውሸት ግን የለበትም።

መኪናው ጥቁር ነው። ወንበሩ ቆዳ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ድምፅ የለውም። ባለቤቱ የእኛው አገር ልጅ ሲሆን አዲስ አበባ ነግዶ ነው የገዛው፤ እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ይዞት ይመጣል። የእኔ ጋራዥ የለመደው የጭነት መኪናና ሚኒባስ ነው። የዚያ ዓይነት መኪና ሲገባ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ቆመ።

«አቀበት ላይ ጉልበት ይከዳዋል» አለኝ ባለመኪናው።

«ሁልጊዜ?»

«ጉም ሲኖር» አለና ራሱ አፈረ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ቱርቦ ለሞተር አየር እየጠቀጠቀ የሚያጎርስ ትንሽ መዘውር ነው። ያ ግፊት ሲቀንስ ሞተሩ አስም እንደያዘው ሰው ይሆናል፤ ሜዳ ላይ ይሄዳል፣ አቀበት ላይ ያቃስታል። ስልክ ላይ ቁጥር የሚያሳይ መመርመሪያ አለኝ፤ ሰካሁት። ግፊቱ ከሚገባው በታች ነው ይላል። የአየር ቱቦዎቹን በሳሙና ውኃ ቀባኋቸው፤ የሚያፈስ የለም። የአየር ፊልትሮውን ቤት ከፈትኩ፤ ንጹሕ ነው። በመጨረሻ ቱርቦውን ፈትቼ ጆንያ ላይ አስቀመጥኩት። ክንፎቹን በጣቴ አዞርኳቸው፤ አይነካኩም፣ ዘይትም አልተፉም። በላዩ ላይ ያለውን ቁጥር ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ፤ ያንኑ ቱርቦ መልሼ አሰርኩት። «ቱርቦህ ደህና ነው፤ ሌላ ነገር አለበት፤ ጉም ሲመጣ አምጣልኝ» አልኩት።

እሱ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። እዚያ አንድ ሜካኒክ በመመርመሪያ አይቶ «ቱርቦው ደክሟል፤ ምናልባት ተቀይሮብህ ይሆናል» አለው። ምናልባት ነው ያለው። በመጋቢት ሲመለስ ምናልባቱን መንገድ ላይ ጥሎት መጣ።

ደብተሬን አውጥቼ ቁጥሩን አሳየሁት። መኪናው ላይ ካለው ጋር እናመሳክረው አልኩ። ደብተሩን በሁለት ጣቱ ይዞ አየውና «ትናንት ሀ ሁ ያለ ዛሬ ሰነድ ያቀርብልኛል» አለ፤ አብረውት የነበሩት ሳቁ። «ቀይረህ ካሰርከው በኋላ ነዋ የገለበጥከው» አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ መስቀላቸውን አነሡ። የዚህን ሰው ንብረት የወሰደ፣ ሲወሰድ ያየ፣ አይቶም የሸሸገ፣ እስኪያወጣ ድረስ ውግዝ ይሁን አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። ስሜ አልተጠራም። ግን አሜን ካለው ሕዝብ ግማሹ ዞሮ እኔን ነበር የሚያየው።

ግዝት የነካው ሰው ይደርቃል ይባላል፤ ወይ ያብጣል፣ ወይ አፉ ይጣመማል። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ሰላምታ አልከለከለኝም። የባሰ አደረጉ፤ ፊቴን ማየት ጀመሩ። እጄን ጨብጠው ቶሎ አይለቁኝም፤ ሙቀቱን ይለካሉ። «ከሳህ እንዴ?» ይላል አንዱ። «ድምፅህ ምን ሆኗል?» ይላል ሌላው። ሥራ ይዞልኝ የሚመጣ ጠፋ፤ ሊያየኝ የሚመጣ ግን አልጠፋም። በር ላይ ቆሞ አይቶኝ ይሄዳል። አንድ ጠዋት ሚስቴ ቀበቶዬን ይዛ የምታስርበት ቀዳዳ የቱ እንደሆነ ስትቆጥር ያዝኳት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምንም» አለች።

ሁለት ቀዳዳ ገብቶ ነበር። እኔም አላወቅኩም ነበር።

ከዚያ በኋላ እኔም መስታወት ማየት አበዛሁ። አንድ ቀን፣ ይህን መጻፍ ያሳፍራል፣ ጋራዡን ዘግቼ የብረት ማከማቻዬን እስከ መጨረሻው ገለበጥኩ። ቱርቦ እየፈለግኩ ነበር። ያልሰረቅኩትን። እጄ ቅባት በቅባት ሆኖ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ባገኘው ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። ቢያንስ መጠበቁ ያበቃል።

በግንቦት ቄሱ ዘንድ ሄድኩ። «አባ፣ ከሞትኩ በኋላ እውነቱ ቢወጣ ለማን ይጠቅማል? መኪናው ጉም ሲወርድ ነው የሚታመመው። ጉም ሲወርድ እርስዎ ባሉበት ልየው» አልኳቸው። ለባለመኪናው ላኩበት። እሱም መጣ፤ ስሞት ለማየት የቀረበ ይመስል ነበር።

ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ ወጣን። እሱ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ ስልኬን ይዤ፣ ቄሱ ከኋላ። ቀኑ ገና ስድስት ሰዓት ነው፤ ግን ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። የገብሱ ማሳ የለም፤ የድንጋይ ካቡ የለም። አንድ ሰው አህያ ይዞ ከነጩ ውስጥ ወጣና አየን፤ ተመልሶ ገባ። አቀበቱን ስንጀምር የግፊቱ ቁጥር ጥሩ ነበር። ትንሽ ቆይቶ መውረድ ጀመረ፣ መኪናውም ያቃስት ጀመር። ያኔ ድምፁ መጣ። ሰው አፉን ገጥሞ የሚያንጎራጉረው ዓይነት፣ ከሞተሩ ሳይሆን ከፊት፣ ከቀኙ መብራት አካባቢ። እግሩን ከነዳጅ ላይ ሲያነሣ ያቆማል። ሲረግጥ ከቆመበት ይቀጥላል።

«ሰማችሁ?» አሉ ቄሱ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለ ባለመኪናው። «ብቻዬን ስሆን ሬዲዮ እከፍታለሁ።» ለእኔ ይህን ነግሮኝ አያውቅም።

«ልጄ፣ ይሄ ጠበል ነው የሚያስፈልገው።»

«ጠበሉ አይቀርም አባ» አልኩ፤ «መጀመሪያ ኮፈኑን እንክፈተው።»

አቆምን። ከፊልትሮው ቤት በፊት አየር የሚስብበት ረጅም አፍ አለ፤ ከመብራቱ ጀርባ ይጀምራል። ያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ፊልትሮውን እንጂ ከሱ በፊት ያለውን አላየሁም፤ ይሄ የእኔ ጥፋት ነው። አፉን ከፊልትሮው ቤት ላይ ነቅዬ ጎን ላይ አሰርኩት፤ «ንዳው» አልኩት። ያንኑ አቀበት መኪናው ዘልሎ ወጣ። ቁጥሩ ሞላ። ድምፁ የለም። ቱርቦው ያው ቱርቦ ነው፤ ታንቆ ነበር እንጂ አልደከመም።

ተመልሼ እጄን በቱቦው አፍ እስከ ክርን ድረስ ሰደድኩ። እርጥብና ለስላሳ ነገር ነካኝ። ምላስ መሰለኝ። እጄን ልስብ ስል ደግሞ ተከተለኝ።

ነጭ ጨርቅ ነበር፣ ጉሙን ጠጥቶ የከበደ። በጫፉ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ታስሯል። ሞተሩ በኃይል ሲስብ እየተለጠጠ ቱቦውን ይዘጋል፣ ዳሩ ይርገበገባል፤ ሞተሩ ሲዝል ወደ ኋላ ይወድቃል። ደረቅ ቀን ቀላል ስለሆነ አየር ያሳልፋል። የክታቡ ስፌት ተተርትሮ ብራናው ወጥቷል፤ ሁለት ዓይኖች ተሥለውበታል፣ እርጥበቱ አሳብጧቸዋል። ጽሑፉን ማንበብ ቻልኩ፣ ግእዝ ስለሆነ ግን አልገባኝም። አንድ ቃል ብቻ ገባኝ፤ የሰው የክርስትና ስም ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ባለመኪናው ዞረ። ስሙ ነው። ጨርቁን አየና ጥለቱን አወቀው፤ ከእናቱ ነጠላ የተቀደደ ነው። ማንኛችንም ልንይዘው ስላልፈለግን ቄሱ በመስቀላቸው መጠቅለያ ያዙት።

እናትየው ዘንድ ስንደርስ ደጃፍ ላይ ስንዴ ያበጥሩ ነበር። ክታቡን ሲያዩ ሰፌዱን አስቀመጡ።

«አወጣችሁት?»

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ?»

«አንተው አይደለህ ያሳየኸኝ። ከፍተህ፣ በዚህ ነው የሚተነፍሰው አላልከኝም? ክታቡን የጻፉት ደብተራም ለመንገደኛ ሲሆን ትንፋሹ አጠገብ ይሁን አሉኝ። አንተ ምሳ ስትበላ አስገባሁት።»

«ይሄ ሁሉ ሲሆን ለምን ዝም አሉ?» አሉ ቄሱ።

«ከተነገረ ይረክሳላ አባ። ደግሞ እናንተ ቱርቦ ጠፋ አላችሁ። ቱርቦ ምን እንደሆነ እኔ መች አውቄ። ሌባውን ስታስገዝቱ እኔም አሜን ብያለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ረጅም ጊዜ አዩኝ፤ እንደ ሌላው ሰው። «ከስተሃል» አሉኝ። ከዚያ ለልጃቸው «መልሰው፤ ራቁትህን ነው የምትሄደው» አሉት።

እሱ አልመለሰውም። ግን ሲሄድ ኮፈኑን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ሲዘጋ አየሁ።

ነገሩ በዚያው ቀን ያልቅ ነበር። ዕርቁ ግን በደለኛው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ በሕዝብ ፊት «አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» እንዲል ይጠይቃል፤ ይሄ ለሱ ከበደው። መጀመሪያ በስልክ ሞከረ። «አልሰማህም፤ መስመሩ ጥሩ አይደለም» እያልኩ ዘጋሁት። ቀጥሎ በግ ላከ፤ በጉን መለስኩ። ከዚያ ራሱ መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ፣ ያኔ አሜን ባሉት ሰዎች ፊት፣ ድንጋዩን ተሸክሞ ጎንበስ አለ። ትንሽ ድንጋይ ነው የመረጠው። ቄሱ ድንጋዩን አዩት።

«አፉ ይበሉኝ» አለ። እስከዚያን ቀን አንተ ነበር የሚለኝ።

አፉ አልኩ። ከልቤ ነው ብዬ አልዋሽም። ቄሱ ግዝቱን ፈቱ፤ ሕዝቡ አሜን አለ፤ ይሄኛውን ግን ቀስ ብሎ ነው ያለው። ቀኑ ሰኔ አሥራ ሁለት ነበር።